«ሞያ ትችላለህ?»

ሱዳን ውስጥ፣ ኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ፣ ከመስኖው ቦይ ዳር አራት ሰዎች ነበርን። የእህቴ ልጅ ዳዊት አዲስ የገዛውን በአየር የሚነፋ ታንኳ ይዞ ከውሃው አፋፍ ላይ ቆሟል። ጓደኛው ሳልህ ከጎኑ ሆኖ ስልኩን ደግኗል። ከገዳሪፍ ልጠይቃቸው የሄድኩት እኔ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ነኝ። አራተኛው አስማረ የሚባል፣ ከመተማ ወገን ሥራ ፍለጋ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ከረጢቱን አንግቶ ከመንገዱ ዳር ቆሟል። ነገሩ የሆነው አምና ነው።

ታንኳው አየሩ ሲወጣለት ተጠቅልሎ በብብት የሚያዝ ቀላል ነገር ነው። ዳዊት ከከተማው አጠገብ ባለው የግድብ ሐይቅ ላይ ሰው ሊያንሸራሽርበት አስቧል። አስቀድሞ ግን ጸጥ ባለው ቦይ ላይ ሊሞክረው ፈለገ። የቦዩ ውሃ አረንጓዴ ነው፤ ያገለገለ ዳይፐርና ያበጠ የፍየል ሬሳ ይንሳፈፍበታል። ራሱ መግባቱን ተጸየፈና አስማረን ጠራው።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሞያ ትችላለህ?»

«እንዴታ ጌታው! ያደግሁበት አይደል?»

«ኸላስ፣ በቃ ተሳፈር።»

አስማረ ሥራው ከቦዩ ማዶ ያለ መስሎት ከረጢቱን አቅፎ ተሳፈረ። ዳዊት የታንኳውን ገመድ እንደያዘ በእግሩ ገፋው። መሃል ላይ ሲደርስ መናወጥ ጀመረ፤ አስማረ ደንግጦ ብድግ ሲል ተገለበጠ።

ሁለቱ ሳቁ።

«ዋኝ እንጂ! ሞያ እችላለሁ አላልክም?» አለው ዳዊት።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዳዊት ሱዳን ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛውን ከዐረብኛ ይቀላቅላል። ሞያ ያለው፣ እንደ ሱዳኖቹ፣ ውሃን ነው። ዋና ትችላለህ ወይ ማለቱ ነው። ሰውየው የመለሰው ግን ስለ እጅ ሞያው ነው።

«ዋና አይችልም! አውጡት!» ብዬ ጮህኩ።

ዳዊት በገመዱ ቀድሞ የሳበው ታንኳውን ነው። እንደ ሱዳን ሴቶች የተጠቀለልኩበትን ረጅም ቶብ ፈትቼ ጫፉን ወረወርኩለት፤ አስማረ ያዘው። ሳልህ በአንድ እጁ አብሮኝ ሳበ፤ በሌላው መቅረጹን አልተወም።

አስማረ ከዳር ተንበርክኮ አረንጓዴ ውሃ አስታወከ።

«ሞያህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ግንበኛ ነኝ፣ እናቴ። ቱንቢዬም መዶሻዬም እዚያ ቀረ» ብሎ ወደ ቦዩ አመለከተ።

ዳዊት ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሳልህ፣ ይቺንም ቀርጸሃታል?»

«ግባና ዕቃውን አውጣለት» አልኩት ዳዊትን።

«እዚህ ቆሻሻ ውስጥ? ኻልቶ ደግሞ! ያስጠላል እኮ፣ አክስቴ።»

የረጠበውን ቶቤን ጨምቄ ለበስኩ። ዘንቢሌን ከዳዊት መኪና አወረድኩና የገዳሪፍን አውቶቡስ ልይዝ ሄድኩ።