አጎቴ «ሰው ላይ አይጻፍም» ያሉት ቃል

አጎቴ ካረፉ ነገ ሰማንያ ቀናቸው ነው፤ ንዴቴ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። ከሥራ መልስ ልደታ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ በርጩማቸውን ስበው የእኔንም ደብተር በቀይ እርሳስ ያርሙልኝ ነበር። «ሁሉም ነገር እኩል አያልቅም» ይሉኛል። «የቤት ሥራሽን ፊኒሽ ታደርጊያለሽ። ንግግር በወጉ ሲዘጋ ኮንክሉድ ነው። ኤክስፓየር የሚያደርገው መድኃኒት ነው። ተርሚኔት ውል ሲቋረጥ ነው፤ ሰው ላይ እንዳትጽፊው!»

የሞቱት ጠመኔ እንደያዙ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ወደቁ።

በቀደም ለጡረታው ጉዳይ የአገልግሎት ማስረጃ ልወስድ ትምህርት ቤታቸው ሄድኩ። ዳይሬክተሩ፣ ያውም አጎቴ ኤቢሲዲ ያስቆጠሩት ልጅ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፎ ሰጠኝ። እንግሊዝኛው ስለ እሳቸው «ተርሚኔትድ» ይላል። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው እንደ ቤት ኪራይ ውል!

«ምን ችግር አለው፣ ጓዲት? ሁሉም ያው ማለቅ ነው» አለኝ።

«ያው አይደለም! አንተንም አስተምረውሃል!» ብዬ ቀይ እርሳሳቸውን ከቦርሳዬ አወጣሁና፣ ማኅተም በተመታበት ወረቀት ላይ ቃሉን እፊቱ ሰረዝኩት።

እሱም ተቆጥቶ፣ «እሺ፣ በምትኩ ምን ይጻፍ?» አለ።

ፊኒሽ እንዳልል አልጨረሱም፤ ኮንክሉድ እንዳልል ንግግራቸው አልተዘጋም። ወረቀቱን ይዤ እየተንጨረጨርኩ ቤት ገባሁና፣ እንደ ልማዴ ልጠይቃቸው በቀጥታ ወደ በረንዳው ሄድኩ። በርጩማው ብቻ ነበር።