ቤሪል እንዳትስቅ የተለመነችበት እሑድ

በእንግሊዝ አገር የስቶክፖርት ከተማ ሰው ቤሪል ሆልሮይድን ከማየቱ በፊት ይሰማታል። ሳቋ ወዲያው አይመጣም። መጀመሪያ እንደ አሮጌ የወፍጮ ሞተር ሁለት ሦስቴ ታንቆ ይቆማል። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው «ምን ሆነች? ውሃ ላምጣላት ይሆን?» እያለ ሲጨነቅ ድንገት ይነሳና ቤቱን ያናጋዋል። በሠርጓ ቀን ቄሱ «ለባልሽ ትታዘዢያለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ይኸው ሞተር ተነስቶባት፣ ምስኪኑ ቄስ መጽሐፉን ዘግቶ እስክትጨርስ መጠበቅ ነበረበት። ሙሽራው ክሊፎርድ ያን ቀን ያልሸሸ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህም አልሸሸም።

በወጣትነቷ ባርኔጣ ፋብሪካ ገብታ የባርኔጣ ጥብጣብ ትሰፋ ነበር። ዓርብ ዓርብ የፋብሪካው ሴቶች አውቶብስ ተከራይተው፣ ከንፈራቸውን ቀብተው፣ እየዘፈኑ ማንችስተር ይሄዳሉ። እዚያ «የፒምብሌት ቤት» የሚባል አስቂኝ ድራማ በተመልካች ፊት ይቀረጽ ነበር። መግቢያው በነፃ ነው፤ ክፍያው መሳቅ ነው። ከቀረጻው በፊት ሕዝቡን የሚያሟሙቀው ሰውዬ የቤሪልን ሳቅ ገና በመጀመሪያው ቀን ሰማና ወደ አዘጋጁ ሮጠ። እሷ ስትጀምር አዳራሹ በሙሉ ይከተላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትኬቱ በስሟ በፖስታ ይመጣላት ነበር፤ ወንበሯም መካከለኛው ረድፍ ላይ፣ ሳቁን የሚቀርጸው ማይክሮፎን ሥር ሆነ።

ድራማው ምን ነበር ብትሉ፣ ያው የዘመኑ ነገር ነው። ሚስተር ፒምብሌት ከቢሮ ይመጣል፣ ሚስቱ እራት አሳርራለች። ሚስቱ መኪና ልንዳ ትላለች፣ አጥር ትገጫለች። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የውጭ አገር ሰው የሆነ ጎረቤት አለ። ይህ ጎረቤት የየት አገር ሰው እንደሆነ ደራሲዎቹም አልወሰኑም። አንድ ሳምንት ህንዳዊ ነው፣ በሚቀጥለው ቱርክ ይሆናል፣ አንዴም ማንም ምክንያቱን ሳይጠይቅ የዓረብ ሼክ ሆኖ መጥቷል። የሚቀያየረው ባርኔጣው ብቻ ነው። የተሰባበረው እንግሊዝኛው ያው ነው። አፉን ሲከፍት ቤሪል ትታነቃለች፣ ከዚያ አዳራሹ ይፈርሳል።

አንድ ሳምንት የፒምብሌት ሚስት ባሏን ሳታስፈቅድ የሆነ ወረቀት ላይ ፈርማ ጉድ ሆነች። ቤሪል በዚያ ሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። በዚያው ሳምንት እሷ ራሷ ልብስ ማጠቢያ ማሽን በዱቤ ልትገዛ ሄዳ፣ ባለ ሱቁ «ባልሽ መጥቶ ይፈርም» ብሎ መልሷት ነበር። ክሊፎርድ ያኔ ሥራ ፈቶ ቤት ተቀምጧል፤ ደመወዝ የምታመጣው እሷ ነች። ሄዶ ፈረመላት። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አስባቸው አታውቅም ነበር።

ዘመን አለፈ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ የልጅ ልጅ መጣ። አሁን በቅርቡ አንድ የከሰዓት ጣቢያ «የፒምብሌት ቤት»ን እንደገና ማሳየት ጀመረ። ከመጀመሩ በፊት በጠቆረው ስክሪን ላይ «ይህ ፕሮግራም የተሠራበትን ዘመን አመለካከት የሚያንጸባርቅ ስለሆነ አንዳንድ ተመልካቾችን ሊያስቀይም ይችላል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

«ለኔም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢሠሩልኝ ግንባሬ ላይ ለጥፌ እወጣ ነበር» አለ ክሊፎርድ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ከፍቶ «ቆይ፣ ቆይ… ይቺውላችሁ! ሰማችኋት? የኔ ሚስት!» ይላል። ቤሪልም ዝም በል እያለች፣ ግን ድምፁ ከፍ እንዲልላት ታደርጋለች። በሕይወቷ ከዚያ ሌላ የታወቀችበት ነገር የለማ።

የልጅ ልጇ ጄማ በአንድ ረቡዕ መጣች። ራያን የሚባል ልጅ ልታገባ ነው፤ እሑድ የራያን አያቶች ለምሳ ይመጣሉ። ጄማ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ናና፣» አለች አያቷን፣ «አንድ ነገር ልለምንሽ። እምቢ እንዳትዪኝ።»

«ምን ሆነሻል? አርግዘሽ ነው?»

«አላረገዝኩም! የራያን አያት፣ ሚስተር ሱክዴዮ… የፒምብሌት ጎረቤት እሱ ነበር።»

«የቱ ጎረቤት?»

«ባርኔጣ የሚቀያይረው።»

ቤሪል በደስታ እጇን አጨበጨበች። «ውይ! በሕይወት አለ? ክሊፎርድ! ስማ፣ ያ ቱርኩ!»

«ቱርክ አይደለም፣ ናና! የትሪኒዳድ ሰው ነው፤ ቱርክን አይቶም አያውቅ። ድራማውን ጥሎት ነው የወጣው። ለራያን ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? ተመልካቹ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች አለው። ታንቃ ታንቃ የምትስቅ። ‹ሁሉንም ችዬው ነበር፣ የዚያችን ሴት ሳቅ ግን ከነባርኔጣው እስከ ቤቴ ይዤው እገባ ነበር፣ ዛሬም በሺህ ሰው መሃል ብሰማው አውቀዋለሁ› አለ።»

ቤሪል ዓይኗን ወደ ቴሌቪዥኑ ወረወረች። ዝግ ነው።

«እና እሑድ…» አለች ጄማ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ለአንድ ቀን ብቻ፣ ናና። እባክሽ እንዳትስቂ። አንተም አያ፣ ስለ ቴሌቪዥን ትንፍሽ እንዳትል!»

በማግስቱ ክሊፎርድ አትክልት ቦታው ሲሄድ ቤሪል ብቻዋን ቴሌቪዥኑን ከፈተች። አፏን በእጇ ይዛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ አየችው። የፒምብሌት የቢሮ አለቃ ጸሐፊዋን መቀመጫዋ ላይ መታ አድርጓት ያልፋል፤ ሳቅ። ፒምብሌት ለሚስቱ የአስቤዛ ገንዘብ ቆጥሮ ሲሰጣት እንደ ሕፃን ጣቱን ያወዛውዝባታል፤ ሳቅ። ጎረቤቱ ይገባል፣ አፉን ይከፍታል፤ ሞተሩ ታነቀ፣ ታነቀ፣ ተነሳ። ከተናገረ በኋላ ካሜራው ፊቱ ላይ ትንሽ ይቆያል። ሰውየው ፒምብሌትን አያይም። ጨለማው ውስጥ ወደተቀመጠው ሕዝብ፣ ወደ መካከለኛው ረድፍ ያያል። ያኔ ተራውን የሚጠብቅ መስሏት ነበር። ለካ በዓይኑ እሷን ነው የሚፈልገው።

ቤሪል አፈረች። ጆሮዋ ድረስ ነው የጋለችው። ደግሞም ተናደደች፤ የአውቶብሱ ዘፈን፣ ሲመለሱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ የሚያሞቃቸው የዓሣና ድንች ጥብስ፣ ያ ሁሉ ዓርብ ከእጇ የተቀማ መሰላት። ማንን እንደምትቆጣ ግን አላወቀችም፤ ስለዚህ ወጥ ቤት ገብታ ምድጃውን ፈተገችው።

እሑድ ደረሰ፤ ጄማና ራያን ቀድመው መጡ። ቤሪል የበሬ ጥብሱን ምድጃ ውስጥ ከታ፣ የሞተችውን እህቷን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የመብራት ሂሳቡን፣ ሳቅ ሲመጣባት የምታስበውን ሐዘን ሁሉ በተርታ አዘጋጅታ ጠበቀች። ኮስታራ፣ ቂም የያዘ ሽማግሌ ነበር የጠበቀችው። በሩ ሲከፈት ክራቫት ያሰረ ረጅም ቀጭን ሰው ከሚስቱ ከኢንድራ ጋር ቆሟል።

«ቤቱን በቀላሉ አገኛችሁት?» አለ ክሊፎርድ።

«ድራማውን ከተውኩ ወዲህ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ነው ያስተማርኩት» አለ ሚስተር ሱክዴዮ በቁም ነገር። «ስለዚህ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የጠፋነው። እሷ ሰው እንጠይቅ አለች። የጂኦግራፊ መምህር አይጠይቅም፣ ያስሳል አልኳት።»

«የሰው መኪና ማቆሚያ አስሶ ነው የመጣው» አለች ኢንድራ።

ቤሪል ጉሮሮዋ ውስጥ ሞተሩ ሲታነቅ ተሰማት። «ድንቹ!» ብላ ጮኸችና ወጥ ቤት ገብታ ፊቷን ፎጣ ውስጥ ቀበረች።

ማን ጠርጥሮ! ሰውየው አስቂኝ ነው። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ አስቂኝ ሰው አላየችም። ይባስ ብሎ ሌላ የሚስቅ ሰው የለም። ክሊፎርድ አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ስለ ቴሌቪዥን እንዳይናገር ስለተከለከለም በጭንቀት ስለ ቀይ ሥር ብቻ ያወራል። ጄማ ፈርታ ደርቃለች። ራያን ቀልዶቹን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰምቷቸው ሰልችቶታል።

«አትፍረዱበት» አለች ኢንድራ ይዛው የመጣችውን የቃሪያ ስልስ እያቀበለች። «መንገዱን ሁሉ ሲለማመድ ነው የመጣው። ከመንገዱም የጠፋነው በዚሁ ነው።»

ሚስተር ሱክዴዮ አንድ ይቀልዳል፣ ገበታው ዝም ይላል። ሌላ ይጨምራል፣ ሹካና ቢላ ብቻ ይሰማል። ቤሪል አፏን በድንች ሞልታ፣ ጭኗን ቆንጥጣ፣ እህቷን ሁለተኛ ጊዜ ቀበረቻት። ግን ሳቋን እየዋጠች ሰውየውን ታየዋለች፤ እየቀዘቀዘ ሄደ። ትከሻው ወደቀ። በመጨረሻ ዘንበል ብሎ ሚስቱን ቀስ አድርጎ «ሴትየዋ አልወደደችንም መሰለኝ» ሲላት ሰማችው። ያ ከሁሉ አመማት።

«ያንን የዌልስን ንገራቸው» አለች ኢንድራ አዝናለት።

«ተዪው።»

«ንገራቸው እንጂ አንተ ሰውዬ።»

«አንድ ጊዜ…» ጀመረ ሳይወድ፣ «ተማሪዎቼን ዌልስ ወስጄ ትልቅ ተራራ ላሳያቸው ነበር። ጉም ነው፤ የገዛ እጅ አይታይም። እኔም አልተበገርኩም። በጣቴ ጉሙን እያመለከትኩ፣ ያ ጫፉ ነው፣ ያ ትከሻው ነው፣ እያልኩ ረጅም ትምህርት ሰጠሁ። ልጆቹም ጻፉ። ከዚያ ጉሙ ተገፈፈ። ፊት ለፊታችን የበግ በረት ብቻ ነው። ተራራው ከኋላችን ቆሟል።»

«እና ምን አደረጉ?» አለች ቤሪል ሳታስበው፣ ድንቹን ውጣ።

«ዞር አልኩና፣ ‹ልጆች፣ ምድር ትዞራለች ብዬ አስተምሬአችሁ የለ?› አልኳቸው።»

እህቷም፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ የመብራት ሂሳቡም አልደረሱላትም። ሞተሩ ታነቀ፣ ታነቀ፣ ተነሳ። ቤሪል ጠረጴዛውን እየደበደበች፣ እንባዋ መረቁ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሳህኖቹ እስኪንቀጫቀጩ ሳቀች።

ሚስተር ሱክዴዮ ሹካውን አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እርስዎ ነዎት» አለ።

«ናና ስትደነግጥ ነው እንዲህ የምትስቀው» አለች ጄማ ተቻኩላ። «ቀብር ላይም ትስቃለች! በእርስዎ አልነበረም፣ እውነቴን ነው…»

«ጊዜው ነው እንጂ» አለ ክሊፎርድም። «ያኔ ሁሉም ሰው…»

ቤሪል በናፕኪኗ ዓይኗን ጠረገች። የማምለጫው በር ተከፍቶላታል፤ አዎ፣ ድንጋጤ ነው፣ ብላ መውጣት ትችል ነበር። ጄማ ከጠረጴዛው ሥር እጇን ጨብጣታለች።

«አይደለም» አለች። «አነጋገርዎ ነበር የሚያስቀኝ። ባርኔጣውም። በእርስዎ ነው የሳቅኩት፣ ሚስተር ሱክዴዮ፤ በየሳምንቱ። ሰው ሳቄን ቤቱ ድረስ ይዞት የሚገባ መሆኑን አስቤ አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ራያን አያቱን አየ፣ ጄማ አንገቷን ደፋች። ሚስተር ሱክዴዮ ረጅም ጊዜ የውሃ ብርጭቆውን ሲያዞር ቆየ።

«ይኼንን ለሰው ስነግር ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ?» አለ በመጨረሻ። «አንድም ሰው ‹በአንተ ሳቅን› ብሎኝ አያውቅም። ‹ካንተ ጋር ነው የሳቅነው እንጂ› ይሉኛል። እኔ እኮ አልሳቅኩም ነበር።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ዓርብ ዓርብ የራሴን ቀልድ ጽፌ ለአዘጋጁ እሰጠው ነበር። ኪሱ ይከተዋል። አንተ የተሰጠህን ብቻ አንብብ ይለኛል። ያንን ሳቅ እኮ እፈልገው ነበር፣ ሚሲስ ሆልሮይድ። በራሴ ነገር ቢሆን ኖሮ እያልኩ።» ቀና ብሎ አያት። «አሁንስ በምንድን ነው የሳቁት? ዛሬም በአነጋገሬ ነው?»

«ኧረ በተራራው ነው!»

«ተራራው የኔ ነው» አለ ሚስተር ሱክዴዮ። «ማንም አልጻፈልኝም።»

ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ደም ተመለሰ። ወንበሩን አንስቶ ክሊፎርድን አልፎ ቤሪል አጠገብ ተቀመጠ።

«እንግዲያው ይቺን ይስሙ። አንድ ቀን የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ክፍሌ ይገባል። እኔ ሉሉን አፍርሼ እየጠገንኩ ነው፤ አፍሪካ በአንድ እጄ፣ እስያ በሌላው…»

ቀልዱ ረጅም ነበር፤ ዳይሬክተሩ ወጣ፣ ገባ፣ የፅዳት ሠራተኛዋም መጣች። ሲያልቅ ሚስተር ሱክዴዮ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ጄማ አያቷን በዓይኗ ተማጸነች፦ አሁን ሳቂ፣ በእግዚአብሔር፣ አሁን!

ቤሪል ትንሽ አሰበች።

«ይቺኛዋ አላሳቀችኝም» አለች።

ጄማ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሚስተር ሱክዴዮ ግን ወንበሩን ይበልጥ አስጠጋና መነጽሩን አወለቀ።

«ቀልዷ የቱ ጋ ነው የሞተችብኝ?» አለ።