የአባቴ «በ»

አባቴ «በ»ን ሲጽፉ ጣራዋን ወደ ቀኝ ትንሽ ዘንበል ያደርጓታል። ብዙ አይደለም፤ የጤፍ ፍሬ ያህል ነው፤ የማያውቅ ሰው አያየውም። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ጣራ ሜዳ ከሆነ ውሃ ይቋጥራል» አሉኝ። የእኛን አገር ክረምት የሚያውቅ ልጅ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ትምህርት ቤት ገብቼ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጣራዋ የተደለደለ «በ» ስትጽፍ ሳይ፣ ቤቷ ሊያፈስባት ነው ብዬ አዘንኩላት።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ከይጁቤ ወዲያ ባለች አንዲት ደብር ብራና ፍቀው፣ በወስፌ አስምረው፣ በመቃ ብዕር ሲጽፉ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። የጻፏቸው መጻሕፍት እስከ መርጡለ ማርያም ድረስ በየቤተ ክርስቲያኑ ተበትነዋል። ሌሎች ጸሐፊዎች መጨረሻው ገጽ ላይ ስማቸውን ያኖራሉ፤ እሳቸው ግን አይወዱም። «እጄን ያየ ያውቀኛል» ነበር የሚሉት። ይህ ትሕትና ይመስላል እንጂ ትሕትና አይደለም፤ አባቴ በእጃቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው።

ያ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጀመሪያ ደበቁን። ኋላ ቀለሙ ብራናው ላይ እየተንጠባጠበ ሲያስቸግራቸው ብዕሩን ጣሉ። እናቴ ስታርፍ ደብረ ማርቆስ አምጥቼ እኔው ዘንድ አስቀመጥኳቸው። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ፤ አላገባሁም፣ ቤቱ ለሁለታችን አይጠብም።

መጽሐፍ የመጻፍ ሐሳብ የመጣልኝ በንዴት ነው። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ከውጭ በእርዳታ የመጣ፣ ስለ ዓለም ፊደላት ቅርጽና ስለ ኅትመት ታሪክ የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ አገኘሁ። ወረቀቱ ያንጸባርቃል። የፈረንጁ ፊደል እግሩ እንዴት እንደቀጠነ፣ ማን ከማን እጅ እንደወረሰ፣ ለማተሚያ በእርሳስ ብረት ሲቀረጽና በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሲወጣ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጣ ምዕራፍ በምዕራፍ ይተርካል። የእኛ ፊደል ግማሽ ገጽ ደርሶታል። በዚያች ግማሽ ገጽ ላይ ያለችው የብራና ፎቶም ራሷ ወደ ታች ሆና ነው የታተመችው። መጽሐፉን አዙሬ አነበብኳት። ያንን ሁሉ ገጽ ካዘጋጁት ሰዎች አንድ እንኳ ያነበባት አልነበረም ማለት ነው። ማታ ለአባቴ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«መዞሯን ያየሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «እንግዲያው አንቺ ጻፊያ።»

ጻፍኩ። እኔ በደረስኩበት መደርደሪያ ሁሉ በአማርኛ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላየሁም፤ ስለዚህ የምመራበት አልነበረኝም። የድሮውን የድጓ ጽሕፈት፣ የመጀመሪያዎቹን የእርሳስ ፊደሎች፣ በየሱቁ በር ላይ በብሩሽ የሚጻፈውን ሁሉ እየለቀምኩ፣ እያንዳንዱን በየመልኩ ሥዬ ለኮምፒውተር የሚሆን ፎንት አደረግሁት። የመጽሐፉ መላ እዚህ ላይ ነው። ስለ አንድ ዓይነት ፊደል የሚናገረው ምዕራፍ በዚያው ፊደል ይታተማል። ፎቶ አላስገባሁም፤ ፊደሉ ራሱ እየታየ ምን ፎቶ ያስፈልገዋል ብዬ። የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ አባቴ ነው፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በአባቴ እጅ።

ለዚያ ምዕራፍ አበሳዬን አይቻለሁ። ፊደሎቹን ከድሮ ብራናቸው ላይ በየተራ ወስጄ እሥላለሁ፤ ከዚያ ላፕቶፑን ሞልቶ እስኪታይ አሳድጌ ፊታቸው አቀርባለሁ። ዓይናቸው ስለደከመ በአጉሊ መነጽር ነው የሚያዩት።

«ይኼ የኔ አይደለም» ይላሉ።

«አባ፣ ከእርስዎ ብራና ላይ እኮ ነው የወሰድኩት።»

«ከየትም ውሰጂው። ጣራዋ ሜዳ ሆኗል።»

አስተካክዬ አመጣለሁ። «አሁንስ በዛ፤ ልትወድቅ ነው» ይሉኛል። ደግሞ አስተካክላለሁ። «መ»ን የሠራን ሰሞን ሁለቱ ዓይኖቿ አልተያዩም ብለው አንድ ሳምንት ሙሉ አዋሉኝ። አንዳንዴ ላፕቶፑን ዘግቼ ውጭ እወጣለሁ፤ በንዴት። ግን እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ዘመን ደስ ያለኝ የለም። ማንኪያ መያዝ ያቃታቸው ሰው የገዛ እጃቸውን ከሺህ መሐል ለይተው ያውቁት ነበር። ማንም ሊያታልላቸው አይችልም።

ሁሉንም ጨርሼ አንድ ገጽ በወረቀት አውጥቼ ብሰጣቸው መነጽራቸውን እንኳ አላነሡም። ድሮም ልማዳቸው ነው። መጽሐፍ የሚያሠራ ሰው መጥቶ የተጻፈውን ቅጠል ልይ ሲላቸው እምቢ ነው፤ ተጠርዞ፣ የእንጨት ገበታ ገብቶለት፣ ቆዳ ለብሶ ሲያልቅ ብቻ ያስረክባሉ።

«ያልተጠረዘ አላይም። መጽሐፍ ሲሆን አሳዪኝ» አሉኝ። «እስከዚያ እኔም እቆያለሁ።»

እቆያለሁ ያሏት ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። እጃቸው የቀረው እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው፤ በዓይናቸው አይተው «አዎ፣ የኔ ነው» ሳይሉ እንዳያመልጡኝ ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ የሠራሁት ሁሉ በዚህ ፍርሃት ነው።

ማተሚያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኔትወርኩ ሲጠፋ ሲመጣ የነበረበት ጊዜ ነው። ጽሑፉንና ፎንቶቹን ፍላሽ ላይ ጭኜ፣ «መጀመሪያ ፎንቶቹ ይጫኑ» የሚል ቁራጭ ወረቀት በፕላስተር አጣብቄበት፣ መንገድ ሲከፈት በአውቶቡስ ለሚሄድ ዘመድ ሰጠሁት። ዘመዴ አደረሰ። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ሳይታተም አንድ ጊዜ ልይ የምልበት መንገድ አልነበረኝም። ስልክ ሲመለስ የማተሚያ ቤቱ ሰው «አልቋል፤ ያማረ ሥራ ሆኗል» አለኝ። ምስጋናዬን አዥጎደጎድኩለት።

በዚያ ክረምት አባቴ ከእኔ መራቅ ጀመሩ። አጠገቤ ተቀምጠው ይርቃሉ። አንዳንዴ በእናቴ ስም ይጠሩኛል፤ ምሳ ከበላን በኋላ ምሳ መቼ ነው ይላሉ። ሐኪሙ የዕድሜ ነው አለኝ፣ መድኃኒት ያለው ነገር መስሎኝ መጠየቄን እንደ ሞኝነት አይቶ። መጽሐፉን ግን አልረሱም። «ተጠረዘ?» ይሉኛል ጠዋት ጠዋት። «ተጠርዟል፣ መንገድ ላይ ነው» እላቸዋለሁ።

መጽሐፉ የታሸገባቸው ካርቶኖች የደረሱት የምርቃቱ ዋዜማ ነው። አንዱን ከፍቼ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አየሁ፤ ሁለተኛውን አየሁ። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ፊደል ታትሟል። ያውም የቀበሌ ማስታወቂያና የጨረታ ወረቀት በሚጻፍበት፣ በየኮምፒውተሩ ባለው በዚያ ፊደል። «ከላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር የዚህ አንገት መቅጠኑን ያስተውላሉ» ይላል አንዱ ገጽ፤ ከላይም ያው ነው፣ ከታችም ያው ነው። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ «ይህ የአባቴ እጅ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቀጥ ብሎ፣ ጣራውን ደልድሎ ተቀምጧል።

ደወልኩ።

«ፎንቱ የተዘበራረቀ ነበር እኮ» አለኝ ሰውየው፣ በደግ ድምፅ። «እያንዳንዱ ምዕራፍ በሌላ በሌላ ነው የመጣው። ከየቦታው የተለቃቀመ መስሎኝ ሁሉንም ወደ አንድ አመጣሁልሽ። ለእሱ አላስከፈልኩም።»

«ፍላሹ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አላዩትም?»

«የቱን ወረቀት?» አለ። ቀጥሎ «እህቴ፣ ይነበባል አይደል?» አለኝ።

ይነበባል። ችግሩም እሱ ነው። ተበላሽቶ፣ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ቢወጣ ማንም ሰው ያየው ነበር። ሰውየውን ልሰድበው ፈልጌ ስድብ አጣሁ፤ ሥራውን የሚወድ፣ የተዝረከረከ ነገር ሲያይ ሳያስተካክል የማያልፍ ሰው ነው። ብጮህስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እንደገና ለማሳተም አቅሙም መንገዱም አልነበረኝም።

እንግዶቹ ተጠርተዋል፤ ከአማኑኤል ከተማ የሚመጡም ነበሩ። ምርቃቱ አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። አብሮኝ የሚያስተምር፣ ወዳጄ የምለው መምህር ተነሥቶ በተለይ የፊደሎቹ የመልክ ልዩነት እንደማረከው፣ ገጽ በገለጠ ቁጥር ሌላ ዘመን ውስጥ የገባ እንደመሰለው ተናገረ። ተጨበጨበለት። ተራዬ ሲደርስ እውነቱን ነገርኳቸው። ስሕተት መፈጠሩን፣ ሁሉም በአንድ ፊደል መታተሙን፣ ሊያሳይ የተጻፈው መጽሐፍ ምንም እንደማያሳይ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ሰዎች መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ተያዩ። መድረክ መሪው ማይኩን ተቀበለኝና «ደራሲዋ ትሕትናዋ ነው» አለ። ደግሞ ተጨበጨበ። ግማሽ ገጽ የሰጡንን ፈረንጆች ዓመታት ሙሉ ስቀየማቸው መኖሬ ትዝ አለኝ። እነሱ ቢያንስ ፊደሉን አያውቁትም።

አንድ ተስፋ ቀርቶኝ ነበር። የአባቴን ምዕራፍ በትክክለኛው ፎንት ራሴ አትሜ፣ ከአንድ ቅጂ ላይ የተሳሳተውን አስወጥቼ፣ እዚሁ ከተማ ጠራዥ ዘንድ ላስገባው። አንድ መጽሐፍ ብቻ፤ ለአንድ ሰው። እስከዚያ ካርቶኖቹን አባቴ በማይገቡበት ክፍል ቆልፌባቸዋለሁ።

ይሁን እንጂ የእኛ ሰው ምርቃት በልቶ አባትን ደስ ያለዎት ሳይል ወደ ቤቱ አይገባም። እኔ አዳራሹን አስረክቤ ስመለስ ቤቱ ሞልቷል። ያ መምህር ወዳጄ አባቴ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከአዳራሹ ይዞላቸው የመጣው መጽሐፍ አባቴ ጭን ላይ ነው። ተሳልመውት ኖሮ ሽፋኑ ላይ የከንፈራቸው እርጥበት ይታያል። መነጽሩን ይዘው የመጨረሻውን ምዕራፍ ገልጠዋል።

በሩ ላይ ቆምኩ። «ይኼ የኔ አይደለም» እስኪሉ ጠበቅሁ። ስንቴ ያናደደችኝ ቃል ናት፤ ያን ቀን ግን ለመንኳት። እንዲቆጡ፣ መጽሐፉን እንዲወረውሩት፣ አዋረድሽኝ እንዲሉኝ ፈለግሁ።

«ይኼ የኔ እጅ ነው?» አሉ አባቴ።

«የእርስዎ ነው እንጂ አባ» አላቸው ወዳጄ። «ይኸው፣ ተጽፏል።»

አባቴ ጣታቸውን አንዷ «በ» ላይ አድርገው ቆዩ። «እንዲህ ነበር የምጽፈው» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝና ፈገግ አሉ። «ጥሩ ነበር። ንጹሕ እጅ ነበረኝ።»

እንግዶቹ እልል አሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው ብለው ተዉኝ።

እንደዚያም ሆኖ አልተውኩትም። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ጠራዡ አንዱን ቅጂ ፈትቶ የእኔን ገጾች አስገባልኝ፤ ቆዳም አለበሰልኝ። የሚያምር ነገር ሆነ። የአባቴ እጅ ነፍስ ዘርቶ፣ ከነዘንበልታው፣ እነዚያ በስንት ጭቅጭቅ ያስተካከልናቸው ፊደሎች ሁሉ ተሰልፈው። ጠዋት ፀሐይ ሲገባ፣ አእምሯቸው ሰብሰብ በሚልበት ሰዓት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳለ አመጣሁላቸው። ያኛው መጽሐፍ ጎናቸው ነበር፤ ከምርቃቱ ወዲህ ከእጃቸው አይለይም።

«አባ፣ ይኼንን ይዩልኝ» አልኳቸው። «ተጠርዟል።»

መነጽራቸውን አነሡ። ገጹን እንደ ድሮው ከላይ ጀምረው፣ ሳይቸኩሉ፣ መስመር በመስመር ተመለከቱ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ ጎንበስ ብለው ቀረቡት፤ ያ የድሮው ቁጣ ፊታቸው ላይ ሲመለስ አየሁት።

«ይኼ የኔ አይደለም» አሉኝ። «ጣራዋ ተንጋዷል።»

መጽሐፉን ዘግተው መልሰው ሰጡኝ።