ብዙነህ ያልጠጣው አረቄ

ብዙነህ ጨንቻ ተወልዶ ሽመናን ከአባቱ ጎን ጀመረ። በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ጥበብ መሥራት ተማረ፤ ሲጋራና አረቄም አብሮ ተማረ። ጌታን ካገኘ በኋላ ግን ሁለቱንም እርግፍ አድርጎ ተወ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ቤት ሠርቶ፣ በለጥሽን አግብቶ፣ በጸሎት ቤታቸው የጌታን እራት ጽዋ የሚያድል ሽማግሌ ለመሆን በቃ። ሰው ግን የድሮ ስካርህን ይቅር ይልሃል እንጂ አይረሳልህም።

መጀመሪያ የከዳው እግሩ ነው። የሽመናውን መርገጫ ይስታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይወረውረው የነበረው መወርወሪያ ከእጁ ያመልጣል። ቀጥሎ ይንገዳገድ ጀመር፤ ምላሱም ተሳሰረ። አንድ እሑድ ጽዋውን እንደያዘ ተደናቅፎ የአንዲት እህት ነጠላ ላይ ደፋው። «አመል ያወጣል ከመሐል» አለ ሰፈሩ። ለወሬ ማን ብሎት!

በለጥሽም፣ ከእሷ የማይጠበቅ ነው፣ ከውጭ ሲገባ አፉን ማሽተት ጀመረች። ምንም አልሸተታትም። ይህም አላጽናናትም፤ ዘዴውን አሳምሮታል አለች በልቧ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ቤት ድረስ መጡ። ወንድም ይፍሩ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ትከሻውን ይዞ፣ «ወንድሜ፣ ሸሽገህ ከምትሞት ተናዝዘህ ዳን» አለው።

«አልጠጣሁም» አለ ብዙነህ። ደግመው ጠየቁት። አሁንም አልጠጣሁም አለና ወደ ሚስቱ ዞረ። በለጥሽ አቀርቅራ ዝም አለች።

በሚቀጥለው እሑድ በምእመናን ፊት ግድግዳ ተደግፎ ቆመና፣ «በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። በለጥሽ ደስ ብሏት አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ሐኪም ማን ያስብ? ሰውየው ራሱ አምኗል! ሲንገዳገድ ተግሣጽ፣ ሲወድቅ ጸሎት ሆነ። ማንኪያ ወደ አፉ ማድረስ ሲያቅተው ነው ተሸክመው ሆስፒታል የወሰዱት።

ወጣቷ ሐኪም «ይጠጣል?» ብላ ስትጠይቅ በለጥሽ «አዎ» አለች። ሐኪሟ ግን በዚህ አልረካችም፤ ደረቱን ራጅ አስነሣችው፣ ከሳንባው ናሙናም አስወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ በለጥሽን ጠራቻት።

«እናቴ፣ መጠጥ አይደለም። ሳንባው ላይ ካንሰር አለ። ሰውነቱ ካንሰሩን ለመዋጋት ያስነሣው መከላከያ ስቶ አንጎሉን እየመታ ነው፤ ሚዛን የሚጠብቀውን ክፍል። አንዳንዴ ካንሰሩ ሳይታወቅ ይህ ይቀድማል። ለሕክምና አዲስ አበባ እልከዋለሁ። እግሩና እጁ ግን እንደ ድሮው መመለሳቸውን እጠራጠራለሁ። ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ጥሩ ነበር።»

በለጥሽ የሰማችውን ለባሏ ነገረችው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ታዲያ ምነው በድያለሁ አልክ?» አለችው።

ብዙነህ ቃሉን እየጎተተ መለሰላት። «ሰው ሁሉ ሲለኝ ቻልኩት። አንቺ ዝም ስትዪ ግን፣ እንጃ፣ ጠጥቼ ይሆናል አልኩ።»