የሊንጎም አያት

መምህር ጃውሉንግ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው ስምና ዘር ሲያስስ ኖረ፤ በቶባ ሐይቅ ዳር ያለችውን ከተማቸውን የቆረቆረውን ሰው። አገሬው የሚያውቀው «የሊንጎም አያት» እያለ ብቻ ነው። በሐይቁ ዙሪያ በሚኖሩት ባታኮች ዘንድ ልጅ የወለደ ሰው በበኩር ልጁ፣ የልጅ ልጅ ያየ ደግሞ በበኩር የልጅ ልጁ ይጠራል፤ የገዛ ስሙን ማንሳት ነውር ነው። እናት አባቱ ያወጡለት ስም እንዲሁ ጠፍቶ ቀረ።

መምህሩ ያልረገጠው መንደር፣ ያልጠየቀው ሽማግሌ የለም። ሴት ግን አልጠየቀም። ባል ቤት ሄዳ የምትቀር ሴት ስለ ዘር ምን ታውቅና!

አሮጊቷ ዓሣ ሻጭ፣ የቲዩር እናት፣ በገበያ ቀን ሁሉ ትነካካው ነበር።

«መምህርዬ፣ ዛሬስ አገኘኸው? አንድ ቀን እንኳ ከዓሣው ሌላ ወሬም ግዛኝ እንጂ!»

«የእርስዎ ወሬ እንደ ዓሣዎ ይሸታል፣ እማማ!» ይላትና ስቆ ያልፋል።

ባለፈው ሳምንት ሞተች። የመምህሩ የእጅ ጽሕፈት ያምራልና ልጇ ቲዩር በመቃብሯ መስቀል ላይ ስሟን እንዲጽፍላት ለመነው።

«የቲዩር እናት ልበል?»

«ለመቃብርስ የልደት ስሟ ይሁን። ሮማሳ፣ የሊንጎም ልጅ ይበሉልኝ።»

ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። «የትኛው ሊንጎም?»

«ስንት ሊንጎም አለ? አያቱ ከተማዋን የቆረቆረው ነዋ!»

«የአያቱን ስምስ ነግራሃለች?»

«ኧረ እኔ ምን ብዬ እጠይቃለሁ! ‹መምህሩ ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ› ትል ነበር።»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ ብሩሹን አነሳና «ሮማሳ» ብሎ ጻፈ። ሠላሳ ዓመት ትውልድ ሲቆጥር ኖሮ የሴት ስም ሲጽፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር።