ሳይጠፋ የሚነቀል ቺፕ

ጎረቤቴ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ናት። ሌላው ጠጋኝ ሁሉ አይሆንም ብሎ የጣለውን በሁለት ጣቷ በይዳ ነፍስ ስለምትዘራበት ሰዉ «መርፌዋ» ይላታል። እኔ ከግድግዳዋ ማዶ ቁልፍ እቀርጻለሁ። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሰኞ መነጽር ሠሪው ሽማግሌ አሮጌ ኮምፒዩተራቸውን አቧራውን እንድታራግፍላቸው አመጡላት። መስታወት የሚቆርጥላቸው ማሽን የሚታዘዘው ለዚያ ኮምፒዩተር ብቻ ነው፤ እሱ ከሌለ ሱቃቸው ተዘጋ ማለት ነው። እሷ ደግሞ እግረ መንገዴን ብላ ባዮሱን ማደስ ጀመረች። ባዮስ ማብሪያው ሲጫን ከሁሉ ቀድሞ ነቅቶ ሌላውን የሚቀሰቅስ ፕሮግራም ነው፤ የሚቀመጠውም በአንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ ነው። እድሳቱ ሳያልቅ ኮምፒዩተሩ ከጠፋ ቀስቃሹ ራሱ አይነቃም። መሃል ላይ ጠፋባት።

«ጋሼ፣ መብራት ሄደብኝ» አለቻቸው ሲመለሱ።

«ምን ታደርጊ፣ የመብራት ነገር!» አሉና አመኗት።

መብራት አልሄደም። የእኔ ማሽን ያን ቀን ሙሉ ሲጮህ ነው የዋለው። ግን ጎረቤት ማሳጣት አይሆንልኝም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሷ ግን እያደር ከበደ። ሽማግሌው በየቀኑ መጥተው ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። አይቆጡም፣ አይነዘንዙም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከአሮጌ ዕቃዋ ክምር ውስጥ ዋና ሰሌዳው፣ ማዘርቦርዱ፣ ከሽማግሌው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ኮምፒዩተር አገኘች። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ያኛው በደህናዋ ቺፕ ይነሳል፤ ከዚያ ሳይጠፋ ቺፗ ትነቀልና የተበላሸችው በቦታዋ ተሰክታ ባዮሱ እንደገና ይጻፍባታል። ቺፗን የሚይዘው መንቀያ ትንሽ ከተንሸራተተ ቺፗም ማዘርቦርዱም ይቃጠላሉ፤ ሌላ ቺፕ ደግሞ የለም።

«ወንድሜ፣ ና እስቲ ባትሪ አብራልኝ» ብላ ጠራችኝ። ስገባ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

ሳበራ ያየሁት ቺፗን ሳይሆን እጇን ነው። መንቀያው ጫፉ ላይ ይርገበገባል። አስጠጋች፤ መለሰች። ደግማ አስጠጋች፤ መለሰች። ሰኞ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። መርፌዋ እጇ ይንቀጠቀጣል ከተባለ ማን ሥራ ያመጣላታል?

መንቀያውን አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ መብራት አልሄደም» አለች ቀና ሳትል። «እጄ ነው። ገመዱን ላስተካክል ስል ተንቀጠቀጠና ከሶኬቱ ነቀልኩት። ዛሬም አላምነውም።»

እኔ ባትሪዬን አጥፍቼ ሹልክ ልል ነበር። ሽማግሌው ግን ተነሱና መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ።

«ዞር በይ» አሏት። «አርባ ዓመት መስታወት የያዘ እጅ ነው። አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እነቅላለሁ።»

«ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቧት። አያወዛውዟት፤ እግሯ እንዳይጣመም።»

ቺፗ ወጣች፤ ስክሪኑ እንደበራ ነው። የተበላሸችውን ሰኩ፤ እሷ ከኪቦርዱ ትእዛዙን ሰጠች። ጽሕፈቱ እስኪያልቅ ማናችንም በቅጡ አልተነፈስንም። ከዚያ ያችኑ ነቅለው ወደ ራሳቸው ኮምፒዩተር መለሷትና ማብሪያውን ተጫኑ። አንዴ ጢጥ አለና ስክሪኑ ቦግ አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሽማግሌው ስክሪኑን አላዩትም። እጇን ይዘው መዳፏን አገላብጠው ተመለከቱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዓመት አለፈው።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለርስዎ» አለችና አለቀሰች።