ሳላነሳት የቀረችው ራይት

የምሠራው ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ፎቶኮፒ እናነሳለን፣ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ በስልክ ሚሞሪና በፍላሽ መዝሙር እንጭናለን። ማመልከቻውን የሚጽፉት የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። እንግሊዝኛው ስለማይገባኝ ኮምፒውተሩን የተማርኩት በቦታ ነው፤ የትኛው ቃል የት ጋ እንደሚቀመጥ በዓይኔ ይዤዋለሁ።

ፎርማት ማድረግን፣ ማለትም ሚሞሪን ባዶ ማድረግን፣ ጋሼ ያስተማሩኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። አንዲት መስኮት ትከፈታለች። ከታች ትንሽ ሳጥን አለች፤ ውስጧ አስተማሪ ደብተር ላይ እንደሚያደርገው ያለ ራይት አለ።

«ራይቷ ካለች ፈጣኑ ነው» አሉኝ። «ፈጣኑ ማውጫውን ብቻ ቀዶ ይጥላል፤ ገጾቹ እዚያው ናቸው። ራይቷን ካነሳሽ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ያጠፋል። ይቆያል፤ ግን የተበላሸ ቦታ ካለ ያገኘዋል። እኛ ቤት ራይቷ ሁልጊዜ ትነሳለች።»

ሌላም ሕግ ነበራቸው። ከፎርማት በፊት ደንበኛው «ውስጡ የሚፈለግ ነገር አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። እኔን የከበደኝ ይኸኛው ነው። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ጋሼም «ድምፅሽን ለማን ነው የምታጠራቅሚው?» እያሉ ይቀልዱብኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ጋሼ ወረቀት ሊገዙ እንደወጡ አንድ አዛውንት ገቡ። ከአረካ ወዲያ ካለ ገጠር በሚኒባስ እንደመጡና በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ እንደሆኑ ራሳቸው ነገሩኝ። የያዙት ስልክ የልጃቸው ነበር። ልጅቱ አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ሰጠቻቸው፤ ችግሩ ግን ዘፈን የሞላበት መሆኑ ነው።

«ትናንት ጸሎት ላይ እያለን ኪሴ ውስጥ ዘፈነ» አሉኝ በወላይትኛ። «ወጣቶቹ ሳቁ፣ እኔ በላብ ተጠመቅኩ። ሙልጭ አድርገሽ አጥፊልኝ፣ ልጄ። መዝሙር ብቻ ሙዪበት።»

ሙልጭ ካሉ ምን እጠይቃለሁ ብዬ ጥያቄውን ዘለልኩት። ሰበብ ነበር፤ እውነቱ ማፈሬ ነው። ሚሞሪውን ከስልኩ አውጥቼ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁ፤ መስኮቷም ተከፈተች። አዛውንቱ ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። ራይቷን ካነሳሁ እስኪያልቅ ድረስ እንዲህ ልንተያይ ነው። ምን ብዬ አጫውታቸዋለሁ? ሳላነሳት ማስጀመሪያውን ተጫንኩት። ወዲያው አለቀ። መዝሙሩን መገልበጥ ጀመርኩ።

ጥቂት እንደሄደ ስልካቸው ጮኸ። የደወለችው ልጃቸው ነበረች። «ያንን ዘፈንሽን ጠራርጌ አስጠፋሁት!» አሏት እየሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«የእናቷ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነበር ትላለች። ቀድቻት ነበር ትላለች።»

ባለቤታቸው ያረፉት ባለፈው ክረምት ኖሯል። ልጅቱ ሐዘኑ በረድ ሲልላቸው ላሰማቸው ብላ እዚያው አቆይታው ነበር። እሳቸው መኖሩንም መጥፋቱንም የሰሙት በአንድ ጊዜ ነው።

መገልበጡን አቆምኩት። ጋሼ ወረቀቱን ታቅፈው ሲገቡ ቆሜ ነበር።

«ጋሼ፣ ሳልጠይቃቸው አጠፋሁት» አልኩ። ድምፄ ወጣ፤ መንገድ ላይ ያሉት እንኳ የሚሰሙኝ መሰለኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ስጠብቅ «ራይቷንስ?» አሉኝ።

«አላነሳኋትም።»

«እውነትሽን ነው? አላነሳሻትም?»

«አዎ ጋሼ። ይቅርታ።»

«ተመስገን በይ! ስንት መዝሙር ገለበጥሽ?»

«አሥራ ሁለት።»

«በቃ፣ እንዳትነኪው። የተጻፈበት ገጽ አይመለስም። ያልተጻፈበትን እንፈልጋለን።»

የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ነበራቸው። ብዙ ነገር አወጣ፤ ግን ስሞቹ ሁሉ ጠፍተው ቁጥር ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ አንድ በአንድ እየከፈትን ማዳመጥ ነበረብን። አዛውንቱ አግዳሚውን ወደ እኔ አስጠጉ። አንዱን ስከፍት ዘፈን፣ ሌላውን ስከፍት ዘፈን።

«ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ» ይላሉ በየመሃሉ። «ይህን ሁሉ ስትሰማ ነበር ይቺ የእኔ ልጅ?»

«አባባ፣ ጆሮዎን ይያዙ፤ ሲገኝ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

«ድምፅዋን አንቺ ታውቂዋለሽ?»

እውነታቸውን ነው። አላውቃትም። ስለዚህ ሁሉንም ሰሙ። በአንዷ ዘፈን ግን እግራቸው መሬቱን መታ መታ ሲያደርግ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

በስንተኛው እንደሆነ አላስታውስም፤ የሆነ ነገር ሲፋቅ ተሰማ። ከዚያ አንዲት ሴት በወላይትኛ መቆጣት ጀመረች። «ስልኩን አስቀምጪና ቦዬውን ላጪ! እኔን ቀድተሽ ራት ልትበዪ ነው?» ልጅቱ ትስቃለች፣ ዶሮ ትጮኻለች፣ ቢላዋው ቦዬውን፣ ያንን እንደ ድንች ያለ ሥራሥር፣ ይፍቃል። አዛውንቱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አይንቀሳቀሱም። ከዚያ የአጥር በር ሲጥ ብሎ ሲከፈት ተሰማ።

«አባትሽ መጡ እንዴ?» አለች ሴትየዋ።

አዛውንቱ ወደ ስፒከሩ ጎንበስ አሉ። «መጥቻለሁ» አሏት።

ቅጂው እዚያ ላይ አለቀ። ጋሼ ፊታቸውን አዙረው፣ ወረቀት በሞላው ማሽን ላይ ወረቀት ይጨምሩ ነበር።

ድምፁን በሌላ ሚሞሪ ገለበጥኩላቸው፤ በኮምፒውተራችንም አስቀመጥኩት። መዝሙሩን ሌላ ቀን መጥተው እንደሚያስጭኑ ነግረውኝ ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

ጋሼ ሕጋቸውን አልቀየሩም፤ ራይቷ ዛሬም ትነሳለች። ጥያቄውን ግን እኔ ቀይሬዋለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ውስጡ የሰው ድምፅ አለ?» እላለሁ። ብዙዎቹ ይስቁብኛል። አንዳንዱ ግን ትንሽ ያስብና እጁን ዘርግቶ ሚሞሪውን መልሶ ይወስዳል።